ዱዓ ደላላ አይሻም

ልጇን ወደ ዐረብ አገር የሸኘች አንዲት የአንበሳሜ እናት ትታሰብ። የልጅቷ ድምፅ ከጠፋ ወር አልፎታል። እናት ከመግሪብ በኋላ በጎረቤት ወጣት ስልክ ላይ አቀርቅራ፣ አንድ ሰው በቀጥታ ሥርጭት ዱዓ ሲያደርግ ታዳምጣለች። ሰውየው ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ ድምፁን ያስረዝማል፤ ያለቅሳል። መሀል ላይ ዕንባውን ይጠርግና ስምና ሐጃ እንዲጻፍለት፣ ሐጃው የከበደበት ደግሞ በስጦታ ወይም በቴሌብር "ኒያውን እንዲያሳይ" ያሳስባል። የላከ ሰው ስሙ ይነበብለታል። ያልላከ በጅምላ "አሚን በሉ" ይባላል። እናት ለወፍጮ ያስቀመጠቻትን ብር ላከች። ስሟ ተነበበ፤ ያውም ተሳስቶ።

ይህች እናት በአንበሳሜ ብቻ ያለች አይደለችም። በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በደሴ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅዳና በቤሩት ሰው ቤት ተቀጥረው በሚሠሩ እህቶች ዘንድም አለች። የሚላከው ብር ትንሽ ስለሆነ ማንም አይከስም፤ ነገሩ በዱዓ ስም ስለሆነም ማንም ደፍሮ አይናገርም። እንግዲያውስ በግልጽ ይነገር፦ ይህ የዱዓ ንግድ ነው። የሚሰረቀውም ብር ብቻ አይደለም። ባሪያው ጌታውን ራሱ መለመን እንደሚችል የነበረው እምነትም አብሮ ይሰረቃል።

በቁርኣን ውስጥ ሰዎች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ልዩ ልዩ ጉዳይ እንደጠየቁ የሚያወሱ አንቀጾች አሉ፤ ስለ ጨረቃ፣ ስለ መጠጥና ቁማር፣ ስለ የቲሞች። በእነዚያ ሁሉ መልሱ የሚጀምረው "በላቸው" በሚል ትእዛዝ ነው። በሱረቱል በቀራ 186ኛው አንቀጽ ላይ፣ ባሮቹ ስለ አላህ ሲጠይቁ ግን "በላቸው" የምትለዋ ቃል የለችም። አላህ ቅርብ መሆኑን፣ የለማኙንም ልመና እንደሚቀበል ራሱ ይናገራል። የተፍሲር ሊቃውንት እዚህ ላይ ቆም የሚሉት በምክንያት ነው። በባሪያውና በጌታው መካከል ነብይ እንኳ በቃል ያልገባበት ቦታ ላይ የቀጥታ ሥርጭት ባለቤት በምን ሥልጣን ይገባል?

የዱዓ አደብ የተሰወረ ዕውቀት አይደለም፤ መድረሳ ገብቶ የወጣ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሲቻል ውዱእ ማድረግ፣ ወደ ቂብላ መዞር፣ እጅን ማንሳት። አላህን በማመስገንና በነብዩ ላይ ሰለዋት በማውረድ መጀመር። "ከፈለግህ ስጠኝ" እያሉ ሳያመነቱ ቁርጥ አድርጎ መለመን። ኃጢአትንና ዝምድና መቁረጥን አለመለመን። አለመቸኮል። ጊዜውም የታወቀ ነው፦ የሌሊቱ የመጨረሻ ሲሶ፣ በአዛንና በኢቃማ መካከል፣ ባሪያ ለጌታው ከሁሉ ይልቅ የሚቀርብበት ሱጁድ፣ የጁሙዓ ዕለቷ ሰዓት፣ የጾመኛ ማፍጠሪያ፣ የመንገደኛ ጉዞ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ይምጣና ያሳይ።

ጩኸቱም ቢሆን ከአደቡ ወገን አይደለም። በሱረቱል አዕራፍ 55ኛው አንቀጽ ጌታን በመተናነስና በምስጢር መለመን ታዟል፤ ወሰን አላፊዎችን እንደማይወድም ተነግሯል። ሶሐቦች በጉዞ ላይ ተክቢራቸውን ከፍ ባደረጉ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በራሳቸው እንዲያዝኑ፣ የሚጠሩት ደንቆሮ ወይም ሩቅ እንዳልሆነ አስተማሩ። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዛሬ ግን ዕንባ የሚፈሰው ካሜራ ሲበራ ነው። ጨለማ ውስጥ ያልተለቀሰ ለቅሶ በስፖት መብራት ሥር ከየት ይመጣል?

የንግዱ ጠበቆች ሦስት ማስረጃ ያቀርባሉ። አንድ በአንድ ይታይ።

አንደኛው፦ "ሌላን ሰው ዱዓ አድርግልኝ ማለት ሱና ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በድርቅ ጊዜ የነብዩን አጎት ዐባስን አስቀድመው ዝናብ አስለምነዋል።" እውነት ነው፤ ቡኻሪ ላይ አለ። ነገር ግን ዐባስ ለዚያ ምንም አልተከፈሉም። ዑመርም ራሳቸው መለመን አላቆሙም፤ ከሕዝቡ ጋር አብረው ወጥተው ለመኑ። ወንድምን ዱዓ ማስደረግ አንድ ነገር ነው፤ ዱዓን ለባለሙያ ሰጥቶ ገብቶ መተኛት ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው የኡወይስ አል-ቀረኒ ታሪክ ነው። በሙስሊም ዘገባ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከየመን ስለሚመጣው ስለዚህ ለእናቱ ታዛዥ ሰው አስቀድመው ነግረው ነበር፤ ያገኘው ሰው ምሕረት እንዲለምንለት እንዲጠይቀውም መክረዋል። ዑመርም አገኙትና ጠየቁት። ጠበቆቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ዑመር ለኩፋ ገዢ ደብዳቤ ልጻፍልህ ሲሉት ኡወይስ ከተራው ሰው ጋር መኖርን መረጠ። ሕዝቡ ማንነቱን ባወቀና መጉረፍ በጀመረ ጊዜም አካባቢውን ጥሎ ሄደ። ዱዓው ተቀባይነት ያለው ሰው ምልክቱ ይህ ነበር፤ ከተከታይ ብዛት ይሸሽ ነበር። የዛሬዎቹ "ሼር አድርጉ" ይላሉ።

ሦስተኛውና የሚወዱት ማስረጃ የሩቅያው በግ ነው። ሶሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ አንድ ጎሳ እንግድነት ከለከላቸው። የጎሳው አለቃ ተነደፈ። ከሶሐቦቹ አንዱ ፋቲሓን ቀርቶ አለቃው ሲድን የተዋዋሉበትን የበግ መንጋ ወሰዱ፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ፈቀዱ። ይህ ታሪክ ለዛሬው ንግድ ሽፋን ይሆናልን? አይሆንም። እነርሱ የተቀበሉት ሰውየው ከዳነ በኋላ ነው። የተቀበሉትም እንግዳ ካባረረ ባለ ሀብት ጎሳ ነው። የወፍጮ ብር ከያዘች እናት አልተቀበሉም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጎቹን ሳይበሉ በፊት ሐላል መሆኑን ሊጠይቁ ወደ ነብዩ ሄዱ። ከስጦታ ተቀባዮቹ መካከል ብሩን ከመብላቱ በፊት ዓሊም የጠየቀ ስንቱ ነው?

ደግሞ ዋስትና ይሰጣሉ፦ በ3 ቀን፣ በ7 ቀን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት ተቃራኒውን ነው። ባሪያ "ለምኜ አልተሰጠኝም" ብሎ እስካልቸኮለ ድረስ ልመናው ተቀባይነት አለው። ምላሹም አንድ መልክ ብቻ የለውም፦ ወይ የለመነው ይሰጠዋል፣ ወይ ለአኺራ ይቀመጥለታል፣ ወይ የዚያን ያህል ክፉ ነገር ይመለስለታል። ቀን የሚቆርጥ ሰው የአላህን ውሳኔ በራሱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ጽፏል ማለት ነው። ሰባተኛው ቀን አልፎ የልጅ ድምፅ ያልሰማች እናት ሻጩን አትጠረጥርም። "የእኔ ኃጢአት ነው" ብላ ከሶላቷ ትቀዘቅዛለች። ትልቁ ጉዳት ይህ ነው።

ለዚህ ሁሉ መንገድ የጠረገው ግን ሻጩ ብቻ አይደለም። በአገራችን ሙስሊሙ ስለ ዱዓ ሲከራከር ዓመታት አልፈዋል፤ ክርክሩ ግን ሁልጊዜ በቅርፅ ላይ ነው። በወሎ ወዳጃ ቡና አፍልቶ፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ፣ "አሚን" እየተባለ የሚደረገው የጀመዓ ዱዓ አንዱ ወገን ዘንድ የአባቶች ውርስ ነው፤ ሌላው ወገን ዘንድ ቢድዓ ነው። ከሶላት በኋላ እጅ ይነሳ አይነሳ፣ በጋራ ይባል በግል፣ በዚህ መስጊድ የተኮራረፈ ጎረቤት አለ። ክርክሩ ለዓሊሞች ይቆይ። ነገር ግን ሁለቱም ወገን በእጅ አነሳስ ሲጣላ ሦስተኛው መጥቶ ዱዓውን ወስዶ በችርቻሮ እየሸጠው ነው። በወዳጃው ሽማግሌው የጎረቤቱን ችግር ያውቅ ነበር፤ ለታመመው ለምኖ በማግሥቱ ቤቱ ሄዶ ይጠይቀው ነበር። የስልኩ ሰው የእናቲቱን ስም እንኳ በትክክል አላነበበም።

ሌላው የተጠረገ መንገድ ቋንቋ ነው። ብዙ እናቶች "ዐረብኛ አላውቅም፤ የእኔ ዱዓ አይደርስም" ይላሉ። ማን አስተማራቸው? በሶላት ውስጥ ከዐረብኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ ዱዓ ስለማድረግ ሊቃውንት ይለያያሉ፤ ከሶላት ውጭ ግን ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ጌታውን መለመን እንደሚችል የታወቀ ነው። የወሎው ታላቅ ዓሊም ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ከመቶ ዓመት በፊት በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ግጥም የጻፉት፣ ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ጌታውን እንዲያስብ ነው። ልጇ የጠፋችባት እናት በአማርኛ "ጌታዬ ልጄን" ብትል ትርጉም ሰሪ አያስፈልግም።

የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የዱዓን አደብ ከዝናብ ይማራል። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጁሙዓ ኹጥባ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ገብቶ ከብቱ ማለቁን፣ መንገዱ መቋረጡን ተናግሮ ዝናብ እንዲለምኑ ጠየቃቸው። እጃቸውን አነሱ፤ ዘነበ። እስከ ቀጣዩ ጁሙዓም አላባራም። በሳምንቱ ሰው መጥቶ ቤቱ መፍረሱን፣ ንብረቱ መስጠሙን ነገራቸው። ያን ጊዜ ዝናቡ ይቁም አላሉም። በዙሪያቸው እንጂ በላያቸው እንዳይሆን፣ በኮረብታውና በሸለቆው፣ ዛፍ በሚበቅልበት እንዲወርድ ለመኑ። ጸጋውን ሳይመልሱ ጉዳቱን ብቻ አስመለሱ።

ይህን የሩዝ ገበሬው በደንብ ይገባዋል። ውኃ ከሌለ ሩዝ የለም፤ ውኃ ከበዛም ቤት የለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን፣ ደራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ሰብልና ከብት ጠፍቷል። ሁለቱም ወንዞች የሚነሱት ከጉና ተራራ ወገን ነው፤ ስለዚህ "በዙሪያችን" የወረደው ዝናብም ዞሮ ሜዳው ላይ ይመጣል። ለዚህ ዱዓም ያስፈልጋል፤ ቦይ መጥረግም ያስፈልጋል። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስረህ ተመካ ማለታቸው በቲርሚዚ ተዘግቧል። ለጠፋች ልጅም ማሰሪያው ይኸው ነው፦ የላኳትን ሰዎች መያዝ፣ የፓስፖርቷን ቅጂ ይዞ ቢሮ መሄድ፣ ቆንስላ ማስጠየቅ፣ አብረዋት የሄዱትን ማፈላለግ። ለስልኩ ሰው የተላከው ብር ለዚህ የትራንስፖርት ይሆን ነበር።

ዱዓው ለምን ዘገየ የሚል ደግሞ ወደ ሰሐን ይመልከት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ረጅም መንገድ የተጓዘ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ አቧራ የለበሰ ሰው እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ጌታዬ ጌታዬ ሲል አወሱ። ምግቡ ሐራም፣ መጠጡ ሐራም፣ ልብሱ ሐራም ሆኖ ሳለ እንዴት ይሰማዋል ብለውም ጠየቁ። ይህን ሐዲስ ሙስሊም ዘግቦታል። መንገደኛ ነው፤ እጁን አንስቷል፤ አቤት ብሏል፤ አደቡ በውጭ ሙሉ ነው። የጎደለው እንጀራው ነው። በሚዛን ላይ ጣቱን የሚጫን፣ አሮጌ ሩዝ ከአዲስ የሚቀላቅል፣ እህል ደብቆ ዋጋ የሚያስወድድ ነጋዴ ለ"በረካ ዱዓ" ሺህ ብር ከሚልክ ለገበሬው የሰረቀውን ኪሎ ቢመልስ ይሻለዋል። ገበሬው ክርስቲያን ሆነ ሙስሊም፣ የተበዳይ ዱዓ በእርሷና በአላህ መካከል መጋረጃ የላትም። ነጋዴው ሺህ ብር ከፍሎ ያስለመነው ዱዓና ገበሬው በነፃ ያሰማው እሮሮ አንድ ላይ ቢወጡ የቱ ቀድሞ እንደሚሰማ ማወቅ አይከብድም።

እርግማንም ቦታ ይኑረው። የስልክ ዱዓዎቹ ብዙ ተመልካች የሚያገኙት "ጠላትህን" ሲያወርዱ ነው፤ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ምራት፣ ሌላ ብሔር። በጦርነትና በሐዘን በተጎዳ ክልል ውስጥ ይህ እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በራሱ፣ በልጁ፣ በንብረቱ ላይ እንኳ ክፉ እንዳይለምን፣ ሰዓቱ የመቀበያ ሰዓት ሆኖ እንዳይገጥም አስጠንቅቀዋል። በአንጻሩ ለወንድሙ በሌለበት መልካም የለመነ ሰው መልአክ ለእርሱም እንደዚያው ይሁን ብሎ አሚን ይልለታል። ይህን የመሰለ ትርፍ እያለ እርግማን መግዛት ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ሥራው የማን ነው? ኢማሞች በአንድ ጁሙዓ ይህን በአማርኛ በግልጽ ይናገሩ፦ ዱዓ አይሸጥም፤ በምታውቁት ቋንቋ ራሳችሁ ለምኑ። መጅሊሱም በየወረዳው ያሉ መዋቅሮቹን ለዚህ ይጠቀም። ስልክ ያለው ወጣት ደግሞ ለእናቱ ቀጥታ ሥርጭት ከሚከፍትላት ይልቅ አብሯት እጁን ያንሳ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ የቀጥታ ሥርጭት የለም፤ ስጦታ የለም፤ የሚነበብ ስም የለም። የአንበሳሜ እናቶች ግን ለልጆቻቸው መለመን አላቆሙም። በጨለማ ተነስተው፣ ውዱእ አድርገው፣ ግንባራቸውን መሬት ላይ ደፍተው ለመኑ። ያኔ ደላላ አላስፈለጋቸውም፤ ዛሬም አያስፈልጋቸውም።