«ላክ» ከተባለ በኋላ ያለው ዝምታ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። ለእሱ መሀል ከተማ ላለ ጉዳይ መመላለስ የትራንስፖርት ወጪና የሥራ ቀን ነው። የኦንላይን አገልግሎት ቅንጦት አይደለም።

ግን ቅጹን ሞልቶ «ላክ» ሲል ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ የሞላው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ገጹን ሳያድስ መረጃን ከጀርባ የሚልክና መልስ የሚቀበል ዘዴ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በ2005 «ኤጃክስ» ተባለ።

ዘዴው ብቻውን አይበቃም። ማመልከቻው ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቢቀር ባለጉዳዩ ደግሞ ይልካል፤ ሁለት ማመልከቻ፣ ምናልባትም ሁለት ክፍያ። ስለዚህ ሲደገም የሚታወቅ መለያ ቁጥርና «ደርሶናል» የሚል ግልጽ መልስ የግድ ነው።

ወረቀት ተቀብሎ ቁጥር የማይሰጥ መዝገብ ቤት አይታመንም። ድረ ገጽም እንዲሁ።