ያንኑ ጳጉሜን ስንቴ እንገዛዋለን?

አንድ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ለስንት ነጋዴ ስንት ጊዜ ይሸጣል? ሐረር ውስጥ በፈላና በር አካባቢ የጅምላ ነጋዴዎችን ሂሳብ እሠራለሁና ጥያቄውን የማነሳው ተቆጥቼ ነው። አንድ ደንበኛዬ «ሲስተም» የተባለ የሂሳብ ፕሮግራም ገዛ። የሸጠለት ድርጅት ፕሮግራሙ ኦዱ እንደሆነ፣ ኦዱ ደግሞ ማንም በነጻ አውርዶ ሊጭነው የሚችል ኦፕን ሶርስ እንደሆነ ትንፍሽ አላለም። ወሮቹ በእኛ አቆጣጠር እንዲታዩ ሲጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ ሌላው ደንበኛዬ ያንኑ ፕሮግራም ከሌላ ድርጅት ገዛ፤ ለዚያው ሐምሌ፣ ለዚያው ጳጉሜን እንደ አዲስ ከፈለ። የመጀመሪያው ድርጅት በኋላ ስልኩን ዘግቶ ጠፋ፤ የሠራው ቀን መቁጠሪያም አብሮት ጠፋ። ይህን ንግድ ብዬ አልጠራውም። የጋራን ንብረት በጓሮ አስገብቶ ለባለቤቶቹ መልሶ መሸጥ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ የሚመስለው ካለ ሂሳብ ሠርቶ አያውቅም። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ እንደመጣ ከተተወ «የሐምሌ ሽያጭ» ብሎ የሚያወጣው ሪፖርት የሰኔን የመጨረሻ 7 ቀናት ይጨምራል፣ የሐምሌን የመጨረሻ 6 ቀናት ይጥላል። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል፤ ወሮቻችን ግን 13 ናቸው፤ ማሽኑ ይህን የሚያውቀው የሚነግረው ሰው ካለ ብቻ ነው። እስከዚያው ድረስ ሂሳብ ሠራተኛው ከሲስተሙ ያወጣውን ቁጥር ወደ ኤክሴል ገልብጦ፣ ቀን ለቀን እየቆረጠና እየቀጠለ ያመሻል። በመቶ ሺዎች ብር የተገዛ ሲስተም አጠገብ ተቀምጦ በእጅ መደመር! ይህ የብዙ ሂሳብ ክፍሎቻችን የአደባባይ ምስጢር ነው።

ኦዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ የነጋዴው መብት ነው። ፋቢያን ፒንካርስ የተባለ ቤልጂየማዊ እ.ኤ.አ. በ2005 ታይኒ ኢአርፒ ብሎ ጀመረው፤ ቀጥሎ ኦፕን ኢአርፒ ተባለ፤ በ2014 ኦዱ ሆነ። ኮዱን ከፍቶ የሚያይ ሰው ኢትዮጵያን እዚያ ውስጥ ያገኛታል። የሂሳብ መደቦች ዝርዝር፣ ቫት፣ ዊዝሆልዲንግና የክልሎች ስም የያዘ የኢትዮጵያ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለው። ይህን ያዘጋጀው በኢትዮጵያዊ ስም የሚጠራ አንድ ባለሙያ ነው። አንድ ሰው! ሠርቶ ለሁላችንም ሰጠ፤ ሻጩ ሁሉ ከዚያ ልፋት አንስቶ ይሸጣል። ከዚያ ወዲህ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም.፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2015 ክልል ሆነዋል። የቫት አዋጁ በአዋጅ 1341/2016 ተተክቷል። እያንዳንዱ ሻጭ እነዚህን ለውጦች በየደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ ኖሯል። ወደ ጋራው ኮድ የመለሱት ስንቶቹ ናቸው? እስቲ እጃችሁን አውጡ!

የደመወዝ ግብርን ውሰዱ። አዋጅ 1395/2017 ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው፤ የግብር እርከኖቹም ተቀየሩ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሠንጠረዡን ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ያስተካክለዋል። አንድ ጊዜ ተስተካክሎ፣ በሂሳብ ሠራተኞች ተፈትሾ፣ ለሁሉም ቢለቀቅ ከሐረር እስከ ባሕር ዳር፣ ከጅማ እስከ መቀሌ ያለ ድርጅት ሁሉ በማግስቱ ትክክለኛ ፔይሮል ይኖረው ነበር። ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ለየብቻው አስተካካይ ጠራ፣ ለየብቻው ከፈለ፣ ለየብቻው ተሳሳተ። አንድ አዋጅ ስንት ዓይነት ስህተት ሊወልድ እንደሚችል የሚያውቀው የተሳሳቱ ደመወዞችን ሲያስተካክል የሚያድር ሰው ነው።

«ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ» ለሚሉኝ፣ አዎ፣ ሌላ አገር ሆኗል። ህንድ ጂኤስቲ የተባለውን ግብር እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2017 ስትጀምር የአገሪቱ ነጋዴ በሙሉ ደረሰኙን መቀየር ነበረበት። ሙምባይ ላይ የተጀመረው ኢአርፒኔክስት የተባለው ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም አዲሱን ግብር አስገብቶ ለሁሉም በነጻ ለቀቀ። ዛሬ የህንድን የግብር ሕግ የሚከታተለው ክፍል ኢንዲያ ኮምፕላያንስ በሚል ስም ለብቻው ይዘጋጃል፤ ኮዱ ክፍት ነው፤ ስህተት ያገኘ ሁሉ ያሳውቃል፣ የቻለ ያርማል። የሚያዘጋጀው ድርጅት ሥራ ፈትቶ የሚለምን አይደለም። በዚያው ዕውቀት ደንበኛ ያገለግላል፣ እንጀራውንም ይበላል።

ህንድ ሩቅ ናት ካላችሁ እዚሁ ሐረር ወዳሉት ጤና ተቋማት እንሂድ። የጤና ሚኒስቴር ለአገር አቀፍ ሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 ኦፕን ሶርስ ነው፤ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ይሠራል፤ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ቅንብሩ ውስጥ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ እንደ አንድ ምርጫ ተቀምጧል። ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች ከጅምሩ ተጠቃሚውን ከየአገሩ እየጠሩ፣ እያሠለጠኑ፣ ምን እንደጎደለው እየጠየቁ ነው የሠሩት። ለወባና ለክትባት ሪፖርት የተቻለው ለስኳርና ለዘይት ሽያጭ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ የነጋዴውንና የሂሳብ ሠራተኛውን አስተያየት የሚፈልግ የለም።

ሻጮቹ መልሳቸውን አውቀዋለሁ። «ኮዱን ከሰጠን ምን እንበላለን?» ይላሉ። ምን ትበላላችሁ? ሰርቨር ታስተዳድራላችሁ፣ የድሮውን መረጃ ታሻግራላችሁ፣ ሠራተኛ ታሠለጥናላችሁ፣ ሌሊት ሲበላሽ ትደርሳላችሁ። ነጋዴ ለዚህ ሁሉ ይከፍላል፤ ሲከፍልም አይቻለሁ። ጳጉሜን ግን የእናንተ ፈጠራ አይደለችም። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው መሆኑ የእናንተ ምስጢር አይደለም። የአገርን ሕግና የአገርን ቀን ቆልፎ የሚነግድ ድርጅት ሌላ የሚሸጠው ሙያ የሌለው ድርጅት ነው።

ተጠቃሚውን የናቀ ምን እንደሚደርስበትም ታሪኩ ይታወቃል። ኮምፒዬር የተባለው ኦፕን ሶርስ የንግድ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ በዓለም ዙሪያ ተከታይ አፍርቶ ነበር። ባለቤቱ ኩባንያ የተጠቃሚዎቹን ማሻሻያ አልቀበል፣ ድምፃቸውን አልሰማ ሲል በ2006 ተጠቃሚዎቹ ኮዱን ይዘው ወጡና አደምፒዬርን መሠረቱ። ኮምፒዬር ከአራት ዓመት በኋላ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፤ የተጠቃሚዎቹ ልጅ ግን በአይደምፒዬር ስም እስከ ዛሬ አለ። ኦዱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሮግራሙን ለሁለት ከፍሎ ሙሉውን የሂሳብ ክፍል ለከፋዮች ብቻ ሲያደርገው፣ የኦዱ ኮሚዩኒቲ ማኅበር አባላት የጎደለውን ሪፖርት እየሠሩ ለሁሉም በነጻ አቀረቡ። የነጻውን ኦዱ ይዘው እዚህ ከተማ የሚሠሩ ሱቆች ከእነዚያ ሰዎች ማዕድ ነው የሚቆርሱት። ምን መለስንላቸው?

አሁን ቁጣዬን ወደ ራሳችን ወገን ላዙር፤ ወደ እናንተ ወደ ነጋዴዎቹና ወደ ሙያ ጓደኞቼ። ለዓመታት ክራክ በተደረገ የሂሳብ ፕሮግራም፣ በፒችትሪ፣ ኖርን። ኮሌጆቻችን አስተማሩት፣ የሥራ ማስታወቂያዎች «ፒችትሪ የሚችል» ብለው ጠየቁ፤ ፕሮግራሙ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እኛ ግን አሮጌውን ኮፒ ይዘን ቀረን። የማንከፍልበት ስለሆነ አንጠይቅም፣ የማንጠይቅበት ስለሆነ አይሻሻልም። ያንኑ ልማድ ወደ ኦፕን ሶርስ ይዘን ገባን። ሲስተሙ ሲሳሳት ለሻጩ ስልክ ደውለን እንጮሃለን፤ ካልተነሳ ኤክሴል እንከፍታለን። «ይህ ደረሰኝ ላይ፣ ይህን ያህል መሆን ሲገባው፣ ይህን ያህል አወጣ» ብሎ ጽፎ ፕሮግራሙን ለሚሠሩት ሰዎች የላከ ስንት ሂሳብ ሠራተኛ አለ? ይህን ለማድረግ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። ዊዝሆልዲንግ መቼ እንደሚቆረጥ የሚያውቀው እናንተ እንጂ ቤልጂየም ያለው ፕሮግራመር አይደለም። ዕውቀቱ እናንተ ዘንድ ነው፤ ዝምታውም የእናንተ ነው።

የውጭ ፕሮግራም እንግዛ የሚል ካለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ያስታውስ። የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። በዶላር የሚታደስ የፕሮግራም ፈቃድ ዋጋው በዚያው ልክ ተተኮሰ። በጁገል፣ በሐረር ግንብ ውስጥ፣ ለሚሠራ ነጋዴ ኦፕን ሶርስ የቅንጦት ምርጫ አይደለም፤ ያለው መንገድ ይኸው ነው። ያለንን ብቸኛ መንገድ ደግሞ አጥር በአጥር አድርገነዋል።

ሐረር ላይ ቆሜ ይህን መጻፌ ይበልጥ ያንገበግበኛል። ይህ ከተማ አፎቻ ያለው ከተማ ነው። በአፎቻ ሠርግም ሐዘንም የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አባል የሆነ በተራው ይደርሳል፣ የቀረ ይጠየቃል፣ ወጪው በጋራ ይሸፈናል። ማንም ሰው ለራሱ ቀብር ለብቻው ድንኳን አይገዛም። ለሂሳብ ሥራችን ይህን የሚያህል ማኅበር ማቋቋም ምን ከለከለን? የምፈልገውም ይኸው ነው። ያንኑ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሱቆች፣ ሂሳብ ሠራተኞቻቸውና ሻጮቹ በየሩብ ዓመቱ ይሰብሰቡ። የጎደለው ይመዝገብ። ቅድሚያ የሚሰጠው በድምፅ ይለይ። ገንዘብ ይዋጣ፣ አንድ ባለሙያ ይቀጠር፣ የሠራው ለጋራው ኮድ ይመለስ። አማርኛውን፣ አፋን ኦሮሞውን፣ ሐረሪውን የሚተረጉም ሰው ከመካከላችን ይመረጥ፤ ገበያችን የሚነግድባቸው ቋንቋዎች ናቸውና።

መብታችሁንም እወቁ። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ኢአርፒኔክስት ጂፒኤል 3 በተባለው ፈቃድ ነው የሚሰራጨው። ሻጩ ፕሮግራሙን በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ካስረከባችሁ፣ ያሻሻለውን ኮድ ጭምር የመጠየቅ፣ ለሌላ ባለሙያ የማሳየት፣ ለጎረቤት የማካፈል መብት አላችሁ። «ይህ የእኛ ነው፣ አይነካም» የሚላችሁ ሻጭ ራሱ የተቀበለውን ፈቃድ እየጣሰ ነው። ውል ስትፈርሙ ሁለት ነገር አስገቡ፤ ኮዱ ለእናንተ ይሰጥ፣ ለአገሪቱ ሕግና ቀን የተሠራው ማስተካከያ ለሁሉም ይለቀቅ። አልፈርምም የሚል ሻጭ ካለ በሩን አሳዩት።

ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትም የምጠይቀው አለ። የግብር ምጣኔ ሲቀየር በነጋሪት ጋዜጣ መውጣቱ የሕግ ግዴታ ነው፤ ለፕሮግራም ግን አይበቃም። ምጣኔውንና እርከኑን ኮምፒውተር በሚያነበው ሠንጠረዥ አውጡ፤ ለዚህ ደመወዝ ግብሩ ይህን ያህል፣ ለዚህ ግዥ ተቀናሹ ይህን ያህል የሚል የመፈተኛ ምሳሌ ጨምሩበት። ግብር በትክክል እንዲሰበሰብ ከፈለጋችሁ ትክክለኛውን ስሌት ለሁሉም እኩል ስጡ። ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲም መልእክት አለኝ። የኮምፒውተር ተማሪ ለመመረቂያው ከባዶ ተነስቶ የሱቅ ሲስተም ሠርቶ፣ ከመመረቂያው ማግስት መደርደሪያ ላይ ከሚጥለው፣ የኢትዮጵያን ክፍል በክፍት ኮድ ያሻሽል። ሥራውም በእውነተኛ ሱቅ፣ በእውነተኛ ሂሳብ ሠራተኛ ፊት ይፈተን።

አበው «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላሉ። የኦፕን ሶርስ ባለቤት የሚጠቀምበት ሰው ነው፤ እስካሁን ግን አልጮኽንም። የፈላና በር፣ የሸዋ በር፣ የመላው ጁገል ነጋዴዎችና ሂሳብ ሠራተኞች፦ መጪው የበጀት ዓመት ሳይገባ ተሰብሰቡ፣ ስህተቱን ጻፉ፣ ኮዱን ጠይቁ፣ ወጪውን ተጋሩ። የጋራ የሆነውን ቆልፎ ለሚሸጥላችሁም ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሳንቲም አትክፈሉ።