ጎመኑ ለምን ያሳፍረናል?

 

ባለፈው የሠርግ ወራት ሆሳዕና ከተማ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ለኒካሕ ተጠርተን ነበር። ወዳጃችን በደመወዝ የሚተዳደር ሲሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ከአባቱ የወረሰው ጠበብ ያለ የእንሰት ጓሮና አንዲት የምትታለብ ላም ነበረችው። የመጀመሪያ ሴት ልጁን ሲድር ለዚያች ለአንዲት ቀን ሁለት በሬ ገዛ። አንደኛው በሙስሊም እጅ ቢስሚላህ ተብሎ ታረደ። ሁለተኛው ክርስቲያን ጎረቤቶቹና የሥራ ባልደረቦቹ በራሳቸው ሰው እጅ እንዲያርዱት ተሰጠ። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ይህን ልማድ አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ ሙስሊሞች በእነዚህ ከተሞች በቁጥር አነስተኛ ነን። ከጎረቤት ጋር በለቅሶም በደስታም አንለያይም፤ ሥጋው ላይ ሲደረስ ግን ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። እነርሱም ሲድሩ እንዲሁ ለእኛ ለብቻችን በግ ይገዛሉ። መከባበሩ ደስ ያሰኛል፤ ወጪው ግን እጥፍ ነው።

ከማድ ቤቱ ጀርባ ሦስተኛ ድስት ነበር። የወዳጃችን እናት በራሳቸው ፈቃድ ያሠሩት ጎመንና የቦሎቄ ወጥ ነው፤ አጠገቡ በስሱ የተጋገረ ቆጮ ተደርድሯል። ከዚያ ድስት ማንም «ይህ የማን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጨለፈ። ከሁሉ ቀድሞ ያለቀውም እርሱ ነበር። «እማማ፣ እንዲህ የሚወደድ ከሆነ ምነው አላበዙት?» ብንላቸው፣ «ኧረ ልጆቼ፣ ይህንንም ያሠራሁት ተሟግቼ ነው። ልጄ ‹ለሠርግ ጎመን አቅርቦ ሰው ምን ይለኛል› ብሎ ከጓሮ አስቀመጠብኝ» አሉን።

ለሁለተኛው በሬ ገንዘብ መበደሩን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። ዕዳው ሲከብደው ላሚቱን ሸጠ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የአንድ ቤት ጉዳይ ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን እንሰት ባለበት አገር ላም ሸጦ በሬ ማብላት ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አብረን እንመልከት። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም። ጓሮው በየጊዜው እበት ካልተደፋበት ግንዱ ይቀጭጫል። ላሚቱም በበኩሏ በበጋ ሣር ሲጠፋ የእንሰቱን ቅጠል ትበላለች። ላሟ ለእንሰቱ፣ እንሰቱ ለላሟ፣ ሁለቱም ለቤተሰቡ ናቸው። በደቡቡና በደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል በእንሰት የሚኖረው ሕዝብ 20 ሚሊዮን ያህል ይገመታል። እንሰት ዝናብ ሲዘገይ ችሎ የሚቆይ፣ ከጥቂት መሬት ብዙ አፍ የሚመግብ ተክል ነው። በከምባታ መሬቱ ምን ያህል ጠባብ፣ ሰዉ ምን ያህል ጥቅጥቅ ያለ እንደሆነ ከአንጋጫ እስከ ዱራሜ በመኪና ያለፈ ሁሉ አይቶታል። በዚህ ዓይነት አገር አንዲት ላም ከበረት ስትወጣ የልጆች ወተት ብቻ ሳይሆን የሚመጣው ዓመት ቆጮም አብሮ ይጎድላል።

በቀደመው ዘመን በሐዲያ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው በልዩ ሥነ ሥርዓት ይከበር ነበር። የሚቆጠርለት በበረቱ የቆመው ከብት ነበር። ዛሬ ክብርን የምንቆጥረው በታረደው ሆኗል።

ስለ ሥጋና ስለ አካባቢ አየር በውጭው ዓለም ብዙ ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ስሌት፣ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቃቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች 14.5 በመቶ ያህሉ ከእንስሳት እርባታ የሚመጣ ነው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ስሌቱን አሻሽሎ 12 በመቶ ያህል አድርጎታል። ትልቁ ድርሻ የከብት ነው፤ ምክንያቱም ከብት ሲያመሰኳ ከሆዱ ሜቴን የተባለ ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከበሬ ሥጋ 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት በአማካይ 50 ኪሎ ግራም ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ እንደሚለቀቅ፣ ከአተር ለሚገኘው ተመሳሳይ መጠን ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ እንደማይሞላ አስልቷል።

ሆኖም ፍርዱን ሚዛናዊ ማድረግ ይገባል። አገራችን 70 ሚሊዮን ያህል ከብት ይዛ በአፍሪካ አንደኛ ብትሆንም አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚበላው ሥጋ በአማካይ 10 ኪሎ አይሞላም። የዓለም አማካይ ከ40 ኪሎ በላይ ነው፤ አሜሪካዊው ደግሞ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ አየሩን ያሞቀችው ለአረፋና ለዒድ ብቻ ሥጋ የምትቀምሰው የሾኔ ወይም የሺንሺቾ እናት አይደለችም። «ሥጋ ቀንሺ» ብሎ እርሷን መስበክ ነውር ነው። ንግግራችን በየሳምንቱ ሥጋ ቤት ለሚሰለፈው፣ ጥብስና ክትፎ ካልቀረበ እንደተናቀ ለሚቆጥረው፣ ለሠርጉም ተበድሮ ለሚያርደው ነው። ከእነዚህ ውስጥ እኛም አለንበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅልን። አላህ (ሱ.ወ.) የፈቀደውን ሐላል ሐራም ማድረግ የማንም ሥልጣን አይደለም። ኡድሒያም ዒባዳ ነው፤ በእርሱ ላይ የምንለው የለም። እንዲያውም ለሚስኪኑና ለጎረቤቱ ሲከፋፈል በዓመት አንዴ ሥጋ የሚገባባቸው ቤቶች አሉ። የተከለከለው ኢስራፍ ነው። በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላትና መጠጣት ሲፈቀድ ወሰን ማለፍ አብሮ ተከልክሏል። ኢማሙ ማሊክ በሙወጣእ ካሰፈሯቸው ዘገባዎች አንዱ ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ነው። ጃቢር (ረ.ዐ.) ሥጋ ተሸክሞ ሲሄድ አገኙትና ምን እንደያዘ ጠየቁት። አምሮን ገዛን ቢላቸው፣ ጎረቤቱንና የአጎቱን ልጅ ትቶ የገዛ ሆዱን ብቻ መሙላቱን ነቀፉበት። ሥጋ እንደ መጠጥ ሱስ የሚሆን ነገር አለው ብለው ማስጠንቀቃቸውም እዚያው ተዘግቧል። 

«ወሊማስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ በአንድ በግም ቢሆን ወሊማ አድርግ ብለውት የለምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብለውታል። ዐብዱረሕማን ግን ነጋዴ ነበር፤ የታዘዘውም አንድ በግ ነው። የራሳቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሊማዎችስ እንዴት ነበሩ? ለዘይነብ (ረ.ዐ.) በግ አርደዋል። ሶፊያን (ረ.ዐ.) ሲያገቡ ግን በቆዳ ምንጣፍ ላይ ቴምር፣ የደረቀ አይብና ቅቤ ቀርቦ ሰው በላ። ዳቦም ሥጋም እንዳልነበረበት አነስ (ረ.ዐ.) ተናግሯል፤ ቡኻሪም ዘግቦታል። ሥጋ የሌለበት ወሊማ ለእርሳቸው ካላነሰ ለእኛ ያነሰው ከየት መጥቶ ነው?

ሌላም እንጨምር። ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ.) እንደሚነግረን በመዲና አንዲት አሮጊት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የቅጠላ ቅጠል ሥር ከገብስ ጋር ቀቅላ ታቀርብላቸው ነበር። ስብ የሚባል የለበትም። ሶሓቦቹ ግን ለዚያ ምግብ ሲሉ ጁሙዓን በደስታ ይጠብቁ ነበር። ይህን ሐዲስ ባነበብን ቁጥር የወዳጃችን እናት ድስት ትዝ ይለናል።

ታዲያ ጎመኑ ለምን ያሳፍረናል? አንደኛው ምክንያት ድህነትን ያስታውሰናል። ሁለተኛውን ከወጣቶቻችን ሰምተነዋል፤ ሽሮና ጎመን «የጾም ምግብ»፣ የክርስቲያን ነገር ይመስላቸዋል። ይህ ስያሜ የመጣው ከኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የጾም ሥርዓት ነው። በሰሜኑ አገራችን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ያለ ሥጋና ያለ ወተት ስለሚበላ ሥጋ የሌለው ማዕድ ማንንም አያስደንቅም። በሆሳዕናና በዱራሜ አብዛኛው ሕዝብ ወንጌላዊ ክርስቲያን በመሆኑ ያንን ሥርዓት አይከተልም። ስለዚህ ጎመን ሲቀርብ «አጥተው ነው» ይባላል። እንጂ ምስሩ ሃይማኖት የለውም። በረመዷን ማግሪብ ላይ የምንሻማበት ሳምቡሳ ውስጡ ምስር አይደለምን? የአጃው ሾርባስ? ያን ጊዜ ማንም አያፍርም።

በእኛ በኩል የሦስተኛው ድስት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታየናል። ሥጋው ጎረቤትን ከጎረቤት በድንኳን ሲለይ ቦሎቄው አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጣል። ሁለተኛው በሬ ሳይገዛ እንግዳው ሁሉ በክብር ይስተናገዳል፤ ላሚቱም በበረቷ ትቆያለች።

አገሩም ለዚህ አልነፈገንም። የሐዲያ ደጋ ባቄላና አተር ያበቅላል፤ ቆላው ቦሎቄ አለው። ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ ከዓለም ሁለተኛ ናት። እነዚህ ጥራጥሬዎች በሥራቸው ላይ በሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው መሬቱን ያዳብራሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ስንዴ ሲዘራበት ገበሬው ያውቀዋል። በርበሬውስ ቢሆን ማረቆ ሩቅ ነው?

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ጎመን በቆጮ ብቻውን ሆድ ሞልቶ ልጅን አያሳድግም፤ ጥራጥሬ ሊጨመርበት ይገባል። ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ወተትና እንቁላል እንዳይቋረጥ፤ ቢ12 የተባለው ቪታሚን ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከአትክልት አይገኝም። ሥጋን እንቀንስ ስንል የልጅን ወተት እንቁረጥ ማለታችን እንዳይደለ ከላሚቱ ታሪክ የተረዳችሁን ይመስለናል።

የእማማን የቦሎቄ ወጥ አሠራር ጠይቀን እነሆ ጽፈነዋል። ለአሥር ሰው ያህል አንድ ኪሎ ቀይ ቦሎቄ ለቅሞ ሌሊቱን በብዙ ውሃ መዘፍዘፍ። ጠዋት ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ መጣድ፤ መጀመሪያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ በኃይል መንተክተክ አለበት፤ በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ሆድ ያውካል። ከዚያ እሳቱን ቀንሶ እስኪለሰልስ መተው። ሳይዘፈዘፍ ከተጣደ ግን እንጨት ይፈጃል፤ የእንጨቱን ሸክም ደግሞ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። በሌላ ድስት አምስት ራስ ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላት፣ ሲጠወልግ አንድ የቡና ስኒ ተኩል ዘይትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሮ በትንሽ በትንሹ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላል። ቦሎቄውን ከነመረቁ ገልብጦ፣ ከላዩ ሩቡን ያህል በጭልፋ ጀርባ መዳመጥ ነው፤ ወጡን የሚያወፍረው እርሱ ነው። ሊወጣ ሲል ጨውና ኮረሪማ። ጎመኑ ደግሞ በስሱ ተከትፎ፣ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተጨምቆ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይታሻል። በቅቤ የለመደ ምላስ መጀመሪያ ላይ ማጉረምረሙ አይቀርም። ቆጮው ቃጫው ተከትክቶ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በምጣድ ሲጋገር የቅጠሉ ሽታ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ወዳጃችን የሁለተኛ ልጁን ኒካሕ ከረመዷን በኋላ ለማድረግ አስቧል። አንድ በሬ ብቻ አርዶ ለቀረው የእናቱን ድስት ወደ ፊት ለማውጣት ይፈልጋል። በልጅቷ አማች በኩል ያሉት ሽማግሌዎች ግን ገና አልተስማሙም፤ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ሳይቋጩት ተነሥተዋል። እማማ ንግግሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ባለፈው ሳምንት ስንጠይቃቸው ከጓሯቸው ጥግ የጎመን ችግኝ አፍልተው አገኘናቸው።