የወለድ ጣሪያና የጋይንት ተበዳሪ

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በጥር 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የክሬዲት ካርድ ወለድ ለአንድ ዓመት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ እንደሚፈልጉ አስታወቁ። የአገሪቱ አማካይ የካርድ ወለድ በዚያን ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሴናተሮቹ በርኒ ሳንደርስና ጆሽ ሃውሊ ተመሳሳይ ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ አልጸደቀም። የትራምፕም ቃል ሕግ አልነበረም። ሆኖም ሰኞ ገበያው ሲከፈት እንደ ካፒታል ዋንና ሲንክሮኒ ያሉ፣ እንጀራቸው የካርድ ብድር የሆነ ኩባንያዎች አክሲዮን ወዲያው ወረደ። ብዙ ዓይነት ሥራ ያላቸው ትልልቅ ባንኮች የደረሰባቸው ከዚያ ያነሰ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይደመድማል፤ ጣሪያው የሚጎዳው አበዳሪውን ነው፣ ተበዳሪው ይጠቀማል፣ አክሲዮኑ መውደቁም ለዚህ ምስክር ነው። እኔ ግን የአክሲዮን ዋጋ የሚነግረን የመጀመሪያውን ቀን ድንጋጤ ብቻ ነው እላለሁ። ቀኑ ሲያልፍ ባለአክሲዮኑ መውጫ ያገኛል። መውጫ የማያገኘው ከወረፋው መጨረሻ የቆመው ትንሽ ተበዳሪ ነው። ይህን ለማየት ከኒውዮርክ ይልቅ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢም ይልቅ በደቡብ ጎንደር ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ይሻላሉ።

በኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የባንክ ብድር ወለድ ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ወለድ ከ4 ነጥብ በላይ እንዳይርቅ የሚያዝ ሕግ ፈረሙ። የኬሲቢና የኢኩቲ ባንኮች አክሲዮን በቀናት ውስጥ ወደቀ። ቀጥሎ የሆነው ነው የሚገርመው። ባንኮቹ ለአነስተኛ ነጋዴ ማበደሩን ትተው የመንግሥት ቦንድ ገዙ። በአንድ ዓመት ውስጥ ለግሉ ዘርፍ የሚሰጠው ብድር ዕድገት ወደ 2 በመቶ ግድም ወረደ። የሁለቱ ባንኮች አክሲዮን ግን ሕጉ ገና ሳይሻር በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣ። ሕጉ የተሻረው በ2012 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ባለአክሲዮኑ ኪሳራውን አካክሶ ጨርሶ ነበር፤ የገበያ ሴቷ ግን ወደ ሞባይል ብድርና ወደ ሰፈር አበዳሪ ተመልሳለች።

እኛ ዘንድ ይህን በዋጋ ሰሌዳ ማየት አይቻልም ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በሩን የከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ በፊት የባንክ አክሲዮን ሲሸጥ የኖረው በሰው በሰው፣ በደላላና በትውውቅ ነው። ባለአክሲዮኑ ባንኩን የሚመዝነው በዓመት መጨረሻ በሚደርሰው የትርፍ ድርሻ ነበር። ታዲያ የትርፍ ድርሻው ምን አለ? ብሔራዊ ባንክ ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ አስገድዷቸው ነበር። ሰነዱ ይከፍል የነበረው አብዛኛውን ጊዜ 3 በመቶ ብቻ ነው። ስሙ ጣሪያ አይባል እንጂ በሥራው ጣሪያ ነው፤ ከብድሩ ገሚስ በማይሞላ ድርሻ ላይ የባንኩን ገቢ ከአስቀማጩ ወለድ በታች አውርዶታል። ባንኮቹም ጮኸዋል፣ አቤት ብለዋል። ትርፍ ማከፋፈላቸው ግን አልቀረም። የጎደለውን በቀረው ብድር ወለድና በአገልግሎት ክፍያ ሞሉት፣ ደንበኛም መረጡ።

ደንበኛ መምረጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ላይ በግልጽ ይታያል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለዓመታት በሴፍቲኔት ሲደገፉ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። የጉና ደጋ ገብስና ድንች ያበቅላል፣ በግ ያረባል፤ ወደ በሽሎ ተዳፋት ሲወረድ ጤፍ፣ ማሽላና ፍየል ነው። ለዚህ ሕዝብ የመጀመሪያው መደበኛ አበዳሪ አብቁተ፣ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። የ1988ቱ የአነስተኛ ፋይናንስ አዋጅ ሲወጣ የብድሩ መጠን ከ5,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቦ ነበር፤ የማበደሪያ ወለዱም ጣሪያ ነበረው፣ ብዙ ሳይቆይ ተነሳለት እንጂ። አብቁተ በቡድን ዋስትና እያበደረ በአገሪቱ ካሉት የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት ትልቁ ለመሆን የበቃው ከዚያ ወዲያ ነው። አሁን ፀደይ ባንክ ሆኗል።

ሒሳቡን በእጃችን እንሥራው። አንዲት የታች ጋይንት ሴት በግ ለማድለብ 10,000 ብር ተበደረች እንበል፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ። ተቋሙ 1,800 ብር ያገኛል። ከዚህ ላይ ለአስቀማጩ በ7 በመቶ ሒሳብ 700 ብር ይከፍላል፤ 7 በመቶ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ሆኖ የቆየ ነው። 1,100 ብር ቀረ። ከዚህችው ላይ የብድር ሠራተኛው ደመወዝና አበል ይወጣል፤ ከዓርብ ገበያ ከተማ ተነስቶ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል፣ ቡድኑን ይሰበስባል፣ የቀበሌ ሊቀ መንበሩን ፊርማ ይጠብቃል፣ በጥር ለመሰብሰብ ደግሞ ይመለሳል። የሚሞት በግ አለ፣ የሚጠፋ ተበዳሪም አለ። አሁን ወለዱ ከ10 በመቶ አይለፍ ተብሎ ታወጀ እንበል። የሚቀረው 300 ብር ነው። በ300 ብር ማንም ወደ ቆላ አይወርድም። አዲስ አበባ ላለ አስመጪ 1 ሚሊዮን ብር ያበደረ ባንክ ግን በዚሁ 10 በመቶ ከአስቀማጩ ተርፎ 30,000 ብር ይዞ ይቀራል፤ ወረቀቱ ደግሞ ያው ወረቀት ነው። አንድ ዓይነት ጣሪያ ለትልቁ ብድር ሰፊ ነው፣ ለትንሹ አንገት ያስደፋል። የባንኩ ባለቤት ገንዘቡን ከበጓ ወደ አስመጪው ያዞራል፣ ድርሻውንም ይቀበላል።

ሴትዮዋስ? ሳትበደር አትቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ አራጣም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ይህ ሁሉ እያለ አራጣ አልጠፋም፣ ምክንያቱም ውሉ ላይ አይታይም። 70,000 ብር የሰጠ 100,000 ብር አበደርኩ ብሎ ያስፈርማል፤ ፍርድ ቤት የሚያየው ወለድ የሌለበት ደግ ብድር ነው።

በገጠሩ ደግሞ ከዚህም የጠለቀ አለ። ወለድ አገድ ይባላል። አባወራው ሰው ታሞበት ወይም ልጅ ሊድር 30,000 ብር ይወስዳል፤ አበዳሪው በምትኩ አንድ ጥማድ መሬቱን ይይዛል፣ ዋናው እስኪመለስም አርሶ ይበላል። ወለድ የሚባል ቁጥር አንድም ቦታ አይጻፍም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ውሉ ሲጻፍ የሚነበበው የመሬቱ አዋሳኝ ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ። ጥማዱ ሦስት ኩንታል ጤፍ ይሰጣል እንበል፤ የእኩል ቢታረስ ለባለመሬቱ አንድ ኩንታል ተኩል ይደርሰው ነበር። ኩንታሉን 10,000 ብር ብናደርገው በዓመት 15,000 ብር ነው፣ የዋናው 50 በመቶ። ሁለት ዓመት ሲያልፍ ዋናውን ያህል በልቶታል፣ ዕዳው ግን አንድ ብር አልጎደለም። ለ10 በመቶ ጣሪያ የሚያጨበጭብ የከተማ ሰው ይህን ውል አንድ ቀን ተቀምጦ ቢያዳምጥ መልካም ነበር።

ከወለድ ጣሪያ ሌላ የመጠን ጣሪያም አይተናል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ፤ በኋላ ወደ 18፣ ቀጥሎም ወደ 24 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ዓላማው የዋጋ ንረትን ማብረድ ነበር፤ ያኔ ንረቱ ከ14 በመቶ እጅግ በላይ ስለነበር የብድሩ እውነተኛ መጠን መሸብሸቡ የማይቀር ነበር። ባንኮች ያላቸውን ትንሽ ቀዳዳ ለማን እንደሚሰጡ መገመት አያዳግትም፤ ዶላር ለሚያመጣ፣ ተቀማጩ ትልቅ ለሆነ። አብቁተም ባንክ በመሆኑ ለባንክ የተበጀ ጣሪያ ሥር ገባ። ይህ ውሳኔ የወጣው በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከዚያ ወዲህ የብድር ሠራተኛ ከላይ ጋይንት ንፋስ መውጫ ወደ ስማዳ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደልቡ አይሄድም፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። አደጋው ሲጨምር የብድር ዋጋ መጨመር ነበረበት፣ አለበለዚያም መንግሥት አደጋውን መጋራት። 

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አላልፈውም። ባንኮቻችን ለአስቀማጭ 7 በመቶ ሰጥተው ከዚያ እጥፍ በላይ ያበድራሉ፤ ትርፋቸው ወፍራም ነው፣ ጣሪያ ቢነካው ምን አለበት? ትርፉ ወፍራም መሆኑ እውነት ነው። ግን ከየት እንደመጣ እንይ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት በ18 በመቶ ተበድሮ በሬ የገዛ ሰው ከዋጋው ጭማሪ ዕዳውን ከፍሎ ይተርፈዋል። በ7 በመቶ ያስቀመጠው የእስቴ ገበሬ ግን ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ አለቀበት። እንግዲህ ጣሪያ ብናደርግ የርካሹ ብድር ድጎማ የሚሄደው ብድር ለደረሰው ነው፤ ከፋዩ አስቀማጩ ነው፤ ብድር የሚደርሰውም ብዙውን ጊዜ በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ሱቅ ያለው ነው። የባንኩን ስብ መቀነስ ከተፈለገ መነሻው ከታች ነው፣ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከፍ ማድረግ። ባለአክሲዮኑ ያን ጊዜ እውነት ይጎዳል፣ የሚሸሽበትም ጠባብ ይሆናል።

ክሬዲት ካርድ ለእኛ የሩቅ ነገር ቢመስልም ወንድሙ በእጃችን ገብቷል። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ መላና እንደኪሴ የተባሉትን አገልግሎቶች ጀመረ፤ በስልክ ቁልፍ የሚገኝ አነስተኛ ብድር ነው፣ ዋጋውም በአገልግሎት ክፍያ መልክ ይታሰባል። አንድ አበዳሪ በ100 ብር ላይ ለአንድ ወር 5 ብር ቢያስከፍል በዓመት ሲሰላ 60 በመቶ ነው፤ ወለድ ስላልተባለ ግን የትኛውም የወለድ ጣሪያ አይነካውም። ስለዚህ ከጣሪያው በፊት መምጣት ያለበት ሌላ ግዴታ ነው፦ ወለድ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ መድንና የግዴታ ቁጠባ ተደምረው ተበዳሪው በብር ስንት እንደሚመልስ በአንድ መስመር፣ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍለት። የአማራ ክልል የመሬት አዋጅ 252/2009 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከባንክ እንዲበደር ፈቅዷል፤ ወለድ አገድን የሚያስቀረው ይህ መንገድ እንጂ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 12 በመቶ አይደለም።

የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም የሚሠራው አለ። አክሲዮኑን ለሕዝብ የሚሸጥ ባንክ ትርፉንና ካፒታሉን ብቻ ሳይሆን ብድሩን በመጠንና በወረዳ ከፋፍሎ እንዲያሳይ ያስገድድ፤ ከ50,000 ብር በታች ስንት፣ ለስማዳ ስንት፣ ለቦሌ ስንት። ነገ የወለድ ጣሪያ ሲታወጅ የአክሲዮኑን ዋጋ የሚያየው ሰው ይህንንም ሰንጠረዥ አብሮ ያየዋል።