ሜዳ የለንም አትበሉን

ልጄን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ምን እንደምትሠሩ ብላት "ኖት እንጽፋለን" አለችኝ። የስፖርት ኖት! የቅርጫት ኳስ ሜዳ ርዝመትና ስፋት በቃሏ ታውቃለች፤ ኳሱን ግን ነክታው አታውቅም።

ትምህርት ቤቱን ስትጠይቁ መልሱ ያው ነው፦ "ሜዳ የለንም።" እሺ፣ ግቢው ጠባብ ነው። ግን እስክስታ ስንት ካሬ ይፈልጋል? የጉራጌን ጭፈራ ደግሞ ባላችሁበት ቆማችሁ አምስት ደቂቃ ሞክሩትና ላባችሁን ጥረጉ። እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ አዋቂው አስፋልት ላይ ኤሮቢክስ ይሠራል፤ ሣር ያለው ሜዳ ማን ጠየቀ?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። የኛዎቹ ከሰርቪስ ወደ ዴስክ፣ ከዴስክ ወደ ሰርቪስ።

"ጭፈራ ከትምህርት ያዘናጋል" የሚሉም አሉ። ለወላጆች ቀን ሲሆን ግን አሥር ልጅ መርጠው ወር ሙሉ ያለማምዳሉ፤ የቀረው ቁጭ ብሎ ያጨበጭባል። እኔ የምለው እነዚያ የሚያጨበጭቡት ይነሱ ነው። ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ 15 ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ ወፍራሙም ዓይን አፋሩም ሳይቀር። ስፒከር እንደሆነ አላችሁ፤ በየጠዋቱ ሲጮህ ሰፈሩ ምስክር ነው።