ጌም ቤት የሚሸጠው ሰዓት ነው፤ ግን የማንን ሰዓት?

የጅማ ገበያ ሁሉን ለክቶ መሸጥ ያውቅበታል። በአባ ጅፋር ዘመን ስሙ የገነነው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከከፋ፣ ከሊሙና ከጎማ የሚመጣውን ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ከሩቅ አገር ነጋዴ ጋር ሲያገናኝ ኖሯል። ዛሬም ጀንፈሉ በኪሎ፣ ጫቱ በእስር፣ አቡጀዲው በሜትር ይሸጣል። ከመደብሮቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ ክፍሎች ግን በኪሎም በሜትርም የማይለካ ሸቀጥ ገበያ ላይ ውሏል። ሸቀጡ ሰዓት ነው፤ ሻጩም ጌም ቤት ይባላል።

ቤቱን የማያውቅ ባለሀብት ካለ አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ፕሌይስቴሽንና ብዙ እጅ ያለፈበት ጆይስቲክ ይበቃል። እግር ኳሱ በጨዋታ ይከፈልበታል፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ተራ ጠባቂ ይቀመጣል። ጂቲኤ የሚባለው የወንበዴ ጨዋታ ግን በሰዓት ነው። ተጫዋቹ መኪና ይሰርቃል፣ ይተኩሳል፣ ከፖሊስ ያመልጣል፣ እንደ ፊልም የተቀነባበረውን ታሪክ ደረጃ በደረጃ ይከተላል። ሎስ አንጀለስን በዓይኑ ያላየ የአጋሮ ልጅ በእርሷ አምሳል የተሠራችውን የሎስ ሳንቶስን መንገዶች እንደ ሰፈሩ ሊያውቃቸው ይችላል።

በዚህ ንግድ ላይ ሁለት ወገን ሲከራከር ይሰማል። አንደኛው ወገን ልጆቻችንን ወንበዴ ሊያደርግብን ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ልጁ ጌም ቤት ካልገባ የት ሊውል ነው ይላል። ሁለቱም የሚያዩት በስክሪኑ ላይ ያለውን ሽጉጥ ነው። የነጋዴ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ግን ሒሳቡ ላይ ነውና፣ የጌም ቤቱ ሒሳብ ለምርመራ ይቅረብ።

ዕቃው ለማን ተሠራ?

ጂቲኤ የልጆች መጫወቻ ሆኖ አያውቅም። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የሠራው በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ የነበረ ድርጅት ነው። ቫይስ ሲቲ በ2002፣ ሳን አንድሬያስ በ2004 ተከተሉ። አምስተኛው ክፍል በ2013 ገበያ ላይ በዋለ በ3 ቀናት ውስጥ 1 ቢሊዮን ዶላር አስገባ፤ እስካሁንም ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያመጣው ዕቃ በሽፋኑ ላይ ዕድሜው ከ17 ወይም ከ18 ዓመት በታች ለሆነ የማይፈቀድ መሆኑ ተጽፎበታል።

ይህ ጽሑፍ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ አምራቹ ራሱ በ2005 ተምሯል። በሳን አንድሬያስ ውስጥ ተደብቆ የነበረ የወሲብ ትዕይንት ተገኘ። ትዕይንቱ የተጠራበት ስም ለጅማ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ «ሆት ኮፊ»፣ ማለትም ትኩስ ቡና ነበር። የአሜሪካው የጨዋታ ዕድሜ መዳቢ ቦርድ ከ17 ዓመት በላይ የነበረውን ምደባ «ለአዋቂዎች ብቻ» ብሎ ለወጠው። ታላላቅ መደብሮችም ዕቃውን ከመደርደሪያ አወረዱት፤ አምራቹም ትዕይንቱን አውጥቶ ሌላ ቅጂ እስኪያቀርብ ድረስ ገበያውን አጣ።

ጨዋታው ልጆችን ዓመፀኛ ያደርጋል ወይስ አያደርግም የሚለው ክርክር እዚያም ቢሆን አልተቋጨም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በሰጠው ውሳኔ የቀረቡለት ጥናቶች ጨዋታው ልጆችን ለዓመፅ እንደሚዳርግ አላረጋገጡም ብሏል። እንዲህም ሆኖ የገበያው ልማድ አልተለወጠም፤ ለአዋቂ የተሠራ ዕቃ የሚሸጠው ለአዋቂ ነው። በቡና ከተሞቻችን ግን ይህንኑ ዕቃ በጠዋት ደብተር የያዘ ልጅ ሲከራየው ይታያል። ነጋዴው ሽፋኑን ስለማያየው ጽሑፉንም አያይም፤ ዲስኩ የተገለበጠ ነውና።

የቡና ወቅትና የጌም ቤት ወቅት

የጅማ ዙሪያ ከተሞች፣ አጋሮም ሆነ ሊሙ ገነት፣ የቡም ሆነ ሰቃ፣ ገንዘብ የሚያዩት ቡና ሲለቀም ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ እሸት ሲለቀም፣ ጀንፈል ሲደርቅና ሰብሳቢው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሲንቀሳቀስ ልብስ ሰፊውም ሻይ ቤቱም ይደምቃል። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ወጪ ንግድ ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማግኘቷ ሲታወስ፣ ከዚህ ገንዘብ ፍርፋሪው እንኳ ለእነዚህ ከተሞች ብዙ ነው።

ጌም ቤቱም ከዚሁ ፍርፋሪ ይቃመሳል። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ልጆች ሰፊ ጊዜ የሚያገኙት ትምህርት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በእነዚህ ወራት ደግሞ የቡናው ገንዘብ አልቆ ቤተሰብ የሚቀጥለውን ምርት ይጠብቃል። ገንዘብ ባለበት በኅዳር ልጁ ጊዜ የለውም፤ ወይ ትምህርት ቤት ነው፣ ወይ ለቀማ ላይ ነው። ስለዚህ ጌም ቤቱ በኅዳር ከልጅ ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ የሚሸጠው ሰዓት የባለቤቱ አይደለም። ከመምህሩ ወይም ከአባትየው የቡና ማሳ የተወሰደ ሰዓት ነው። በሌላው ንግድ ቢሆን ይህ የተሰረቀ ዕቃ መግዛት ይባል ነበር።

የዚህ ንግድ ፍጻሜም በተደጋጋሚ ታይቷል። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ለትምህርት ቤት የቀረቡ ጫት ቤቶች፣ ሺሻ ቤቶችና ጌም ቤቶች በየጊዜው በዘመቻ ይታሸጋሉ። እሽጉ ሲለጠፍ ሕግ አክባሪውና ጥፋተኛው አይለዩም። ቴሌቪዥኑ ከውስጥ ይቀራል፤ ኪራዩ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ትምህርት ቤት በር ላይ ያለችውን ክፍል «ደንበኛ ደጅህ ድረስ ይመጣልሃል» ብሎ ያከራየው ደላላ ኮሚሲዮኑን ተቀብሎ ሄዷል።

አሮጌው ሣጥን እስከ መቼ?

እስከ አሁን ንግዱን ያቆመው የመሣሪያው ርካሽነት ነው። ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ እስከ 2013 መጀመሪያ ሲመረት የቆየ፣ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ መሣሪያ ነው። ሌላው ዓለም ሲጥለው የእኛ ነጋዴ ገዛው፤ የተገለበጠ ዲስክ አጎረሰውና አሠራው። ይህ አሠራር ግን ከሦስት አቅጣጫ እየጠበበ ነው።

አንደኛው ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የቡና ላኪው ሲደሰት ዕቃ አስመጪው ያዝናል፤ ጌም ቤቱ ያለው በሁለተኛው ወገን ነው።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። አዋጁ በጌም ቤት በር ላይ ብዙ አልታየም ማለት አይመጣም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ዕቃው ራሱ ነው። ወጣቱ በጉጉት የሚጠብቀው ስድስተኛው ጂቲኤ አሳታሚው በጥቅምት 2018 በሰጠው መግለጫ መሠረት ቀጠሮው ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ ልክ እሸት በሚለቀምበት ወር ማለት ነው። የሚሠራው ግን በአዲሶቹ መሣሪያዎች ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ቀርቶ አራተኛው ፕሌይስቴሽን እንኳ አይቀበለውም። የዘመኑ ጨዋታዎች ከኢንተርኔት ሲወርዱ 100 ጊጋባይት መድረሳቸው የተለመደ ነው፤ ዋጋቸውም በዶላር ነው። በአሮጌ ሣጥን አዲሱን ጂቲኤ አጫውታለሁ ብሎ የሚጠብቅ ላም አለኝ በሰማይ እንዳለው ሰው ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ይሠራ። ለአነጋገር ያህል አንድ አዲስ መሣሪያ ከነቴሌቪዥኑ 120 ሺህ ብር ፈጀ እንበል። ልጁ በሰዓት 20 ብር ቢከፍልና መሣሪያው በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ ወረቱን ለመመለስ 1,200 ቀን ያስፈልጋል፤ ኪራይ፣ መብራት፣ የተሰበረ ጆይስቲክና ግብር ሳይታሰብ ከ3 ዓመት በላይ ነው። በሰዓት 60 ብር መክፈል የሚችል ደንበኛ ከተገኘ ግን በ400 ቀን ይመለሳል። 60 ብር ደግሞ ከተማሪ ኪስ አይወጣም። የሚወጣው ከሠራተኛ ኪስ ነው።

«ልጁ ከቀረ ቤቱ ባዶ ነው»

የጌም ቤት ባለቤቶች መልስ አላቸው፤ መልሱም የሚናቅ አይደለም። ቀን ቀን የሚመጣው ልጅ ነው፤ አዋቂው ወይ ሥራ ላይ ነው፣ ወይ ጫት ቤት፣ ወይ የስፖርት ውርርድ ቤት ገብቷል ይላሉ። ልጁን ከመለስነው መንገድ ላይ ይውላል፤ እኛ ጋ ቢሆን ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል የሚሉም አሉ።

እውነትነት አለው። የቡና ከተሞቹ ለልጅ ያዘጋጁት መጫወቻ ስፍራ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ልጁን ጨርሶ መመለስና ጂቲኤን ለልጅ አለማከራየት አንድ አይደሉም። ከትምህርት በኋላ ለልጅ እግር ኳስና የመኪና እሽቅድምድም ይበቃዋል። ልጅን የሚያዝናና ነገር ደግሞ አገር ውስጥም ይሠራል፤ ቀኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» ብሎ የሠራው የስልክ ጨዋታ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ ታሪክ ነው። ሽጉጥ የለበትም፤ ሳቅ ግን አለበት።

አዋቂውም ቢሆን የለም አይባልም። ጅማ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ያሉት ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። በቡና ወቅት ጭነት የሚጠብቅ የአይሱዙ ሾፌርና ረዳት፣ ሚዛን ዘግቶ የሚወጣ የመጋዘን ሠራተኛና ሒሳብ ሠርቶ የደከመው ጸሐፊ አመሻሹን የሚያሳልፍበት ቦታ ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች በጨለማ ክፍልና በተሰበረ አግዳሚ ላይ ከሕፃናት ጋር ተጋፍተው አይቀመጡም። ንጹሕ ወንበር፣ ሻይና ቡና፣ ሥርዓት ያለው ቤት ሲያገኙ ግን ይከፍላሉ። አዋቂው ያልመጣው ቤቱ የልጅ ቤት ስለሆነም ጭምር ነው።

ከእሽጉ በፊት

መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። በመጀመሪያ፣ ዩኒፎርም የለበሰና ደብተር የያዘ ልጅ በምንም ሰዓት አይገባም። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ሰፈር የትኛው ልጅ ነፃ እንደሆነ ባለቤቱ ሊለይ ስለማይችል፣ ልጁ መጀመሪያ ቤቱ ደርሶ ልብሱን ይቀይር። ሁለተኛ፣ ጂቲኤና መሰሎቹ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አይከፈቱ፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነም አይከራዩ። ሦስተኛ፣ ይህ ደንብ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። አራተኛ፣ አዲስ ቤት የሚከፍት ሰው ከትምህርት ቤት በር ይራቅ፤ ደላላውም ይህን ሳይደብቅ ይንገረው።

የከተማ አስተዳደሮችም ድርሻ አላቸው። በዘመቻ ማሸግ ለአንድ ሰሞን ዜና ይሆናል፤ ከዚያ ጌም ቤቱ ወደ ጓሮ ይገባል፣ መጋረጃው ይወፍራል፣ ግብሩም ይቀራል። ሰዓቱና ዕድሜው በፈቃዱ ላይ ተጽፎ ቢሰጥ ግን ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው፣ ነጋዴውም የሚመልሰው የታወቀ ይሆናል። ያፈረሰ ብቻውን ይቀጣል፤ ያከበረ ወረቱን ያድናል።

የዘንድሮን የቡና ገንዘብ ይዞ ሌላ አምስት አሮጌ ሣጥን ሊገዛ ያሰበ ነጋዴ ይህን ያስብ። የተማሪ ሰዓት ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል፤ ነገር ግን ባለቤት አለው። ባለቤቱ አንድ ቀን መጥቶ ይጠይቃል። የሚመጣው ወላጅ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ መምህር ወይም ፖሊስ ሆኖም ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ጌም ቤቱ ሰዓቱንም ወረቱንም አንድ ላይ ያስረክባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።