የአብራሪው የእጅ ባትሪ ትርፍ ሸክም አይደለም

«አውሮፕላኑ የእጅ ባትሪ ስላለው አብራሪው የራሱን መያዙ ትርፍ ነው» የሚለውን በካምፓላ የወጣ አስተያየት አጥብቄ እቃወማለሁ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለሌሊት በረራ በእያንዳንዱ የበረራ ሠራተኛ ቦታ የእጅ ባትሪ እንዲኖር ማዘዙ እውነት ነው። ያ ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው፤ በየፍተሻው እየተነሳ ኃይሉ ማለቅ የለበትም። ከኢንቴቤ በሌሊት የሚነሳ አብራሪ አስቀድሞ አውሮፕላኑን ዞሮ ጎማውን፣ ሞተሩንና የአየር ግፊት መለኪያ ቀዳዳዎቹን ማየት አለበት። በ1996 እ.ኤ.አ. ሊማ ላይ ከእጥበት በኋላ በአንድ አውሮፕላን ቀዳዳዎች ላይ የተረሳ ቴፕ በሌሊቱ ፍተሻ ሳይታይ አለፈ፤ አውሮፕላኑ ተከስክሶ 70 ሰዎች አለቁ። ባትሪ ብቻውን ያድናቸው ነበር አልልም፤ በጨለማ ግን ዓይን አይፈትሽም። አየር መንገዶች የግል ባትሪን በመመሪያቸው ያካትቱ፤ አብራሪዎችም ያለ እሱ ለሥራ አይውጡ።